ቄጤማ፣ ዘንባባና ወይራ፦ እናቶቻችን ያለ ፊደል የተማሩባቸው ነገሮች



መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን በአማርኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀው፣ በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው ትርጉም ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ እናቶች ፊደል አልቆጠሩም፤ ቅዳሴውም በግእዝ ነበር። ሆኖም የኖኅን፣ የሙሴንና የጌታን ሕማም ታሪክ አሳምረው ያውቁት ነበር። ከምን ተማሩት?

አንዱ መልስ ሥዕል ነው። በክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ በኩል ከላይ እስከ ታች ይሣልበታል። ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ በሸማ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆን ምልክትም ነበራቸው፦ ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በጌታ እራት ሥዕል ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ አያስፈልግም። ሰፈራችን ስሙን የወሰደበት የቅዱስ ቂርቆስ ታሪክ ከገድል የተገኘ ቢሆንም በዚሁ መንገድ ይታወቃል፦ የሚፈላ ጋን፣ ሕፃን ልጅ፣ እናቱ ኢየሉጣና መልአኩ ገብርኤል።

ሥዕል ማሠራት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ስለሆነ ወጪ መቁጠር ልማዴ ነው፤ የሰሙነ ሕማማትን ትምህርት ሳየው ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በሆሳዕና ዘንባባ ይታደላል። ልጆች ቀለበትና መስቀል ይሠሩበታል፣ ትልልቆቹ ግንባራቸው ላይ ያስሩታል፤ የኢየሩሳሌም ሕዝብ ጌታን ዘንባባ ይዞ መቀበሉ በዚህ ይታወሳል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያን ቀን ቤት ውስጥ ስንዴና የባቄላ ክክ ተቀቅሎ ጉልባን ይበላል፤ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ የሚያቦኩበት ጊዜ አለማግኘታቸውን ያስታውሳል ይባላል። በስቅለት ዕለት ከስግደቱ በኋላ ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ፤ የጌታ ግርፋት ነው። በቀዳም ሥዑር ደግሞ ካህናት ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ቄጤማ ያድላሉ። ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል አምጥታ ውኃው መጉደሉን እንዳበሠረች ሁሉ፣ ቄጤማውም የኃጢአት ውኃ መጉደሉን ያበሥራል።

ሣር፣ ቅጠል፣ ውኃ፣ ንፍሮ። አብዛኛው ሴቶች በየቀኑ የሚይዙት ነገር ነው። ከሥዕሉ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ ሥዕል በዓይን ይታያል፣ ቄጤማ ግን በእጅ ይያዛል፣ ግንባር ላይ ይታሰራል፣ ጉልባንም ይቀመሳል።

ቄጤማ ግን አይናገርም። ካህኑ አድለው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ፤ ለልጁ የርግቧን ነገር የምትነግረው እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ናት። ትምህርቱ ዘመናትን የተሻገረው በዚህ ሰንሰለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ብዙ ቤት ሲፈርስ ጎረቤት ተበታትኗል። የጉልባኑን ድስት ከበን ታሪክ የሰማንባቸው እማማዎች ዛሬ ከከተማው ዳር ናቸው። ቄጤማውን አስሮ "ለምንድን ነው የምናስረው?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በየቤታችን አለ፤ ጥያቄው ሳይመለስለት ካደገ እሱም ለልጁ የሚነግረው አይኖረውም።

ስለዚህ በማኅበራችን መዝገብ ላይ በጣታቸው የፈረሙት እናቶች ከመጪው ዐቢይ ጾም በፊት በአንዱ ወርኃዊ ስብሰባ እንዲያወሩልን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሩቅ ያሉትን ለማምጣት የሚያስፈልገው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው። መጻፍ የምንችል ደብተር ይዘን እንምጣ፤ ልጆቻችንንም እናምጣ።