የጎረሰ ጠብመንጃ እንዴት ይተፋል?



በአማርኛ ጠብመንጃም «ይጎርሳል»። ልጆቻችን ጉርሻን ከእንጀራ ጋር ብቻ ስለሚያውቁት ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። የድሮው ጠብመንጃ ግን እውነትም በአፉ ነበር የሚጎርሰው። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ የእርሳስ አረር በአፈሙዙ ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። (እርሳስ ሲባል የሚጽፉበት እንዳይመስላቸው፤ ማዕድኑ ነው።)

ችግሩ ጥድፊያ ላይ ነው። ወታደሩ ባሩዱን ረስቶ አረሩን ብቻ ከከተተ፣ ወይም ባሩዱ ከረጠበ፣ አረሩን ገፍቶ የሚያወጣ ነገር የለም። እዚሁ ስኮትዴል አጠገብ፣ ዲኬተር ላይ፣ እ.አ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1864 ሲዋጋ የዋለው እግረኛ የያዘው እንዲህ ያለ ጠብመንጃ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጌቲስበርግ ላይ ከሜዳው ከ27,000 በላይ ጠብመንጃ ሲለቀም፣ አብዛኛው እንደጎረሰ ተገኘ፤ ብዙው ደግሞ በላይ በላዩ የጎረሰ ነበር።

ማውጫው ቀላል መሣሪያ ነው፤ ሰው በቤቱም ይሠራዋል። የእንጨት ብሎን ራሱ ይቆረጥና ሹል ጫፉ ወደ ውጭ ሆኖ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ይበየዳል። ብሎኑ መሃል ለመሃል እንዲሄድና ቱቦውን እንዳይቧጭር አንገቱ ላይ የናስ ቀለበት ይደረግለታል። ባሩድ ካለ እንዳይቀጣጠል አስቀድሞ ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ ዘንጉን እያዞሩ ሲጫኑት ብሎኑ ለስላሳውን እርሳስ ይነክሰዋል፤ ቀሪው መጎተት ነው። በጦርነት መሃል ግን ለዚህ ሁሉ ማን ጊዜ ይሰጣል?

ጊዜ ያጡት የእኛም ሰዎች ናቸው። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት እሮጌ ሜዳ ላይ ወረደ። የያዙት ጠብመንጃ በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። እንግሊዞቹ ደግሞ በኋላው የሚጎርስ ስናይደር ይዘው ነበር፤ አንዱ አንዴ አጉርሶ እስኪተኩስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከእኛ ወገን ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ሞተ። ከእነሱ የቆሰሉት 20 ገደማ ናቸው። ጀግንነት አንሶ ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም።

ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖልም የሚጎርሰው በአፉ ነው፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ስናይደርን ያገራችን ሰው በኋላ «ስናድር» ብሎ የራሱ አደረገው። ልጆቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ እስኪመጡ ድረስ ቃሉን አያቶቻቸውን ደውለው ይጠይቁልን።