የጎደለው ቃል፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ በካርቱም

ከዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዱን ቃል አስቀርቶ፣ ተማሪው የጎደለውን ከሐሳቡ አያያዝ ፈልጎ እንዲሞላ ማድረግ በየትምህርት ቤቱ የታወቀ መልመጃ ነው። ይህን ዘዴ ለአእምሮ ምርመራ ያዋለው ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ሲሆን፣ በብሬስላው ከተማ ተማሪዎች ላይ ሞክሮ ሥራውን ያሳተመው በ1897 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያም ወዲህ መልመጃው ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ማስተማሪያና መፈተኛ ሆነ። ይሁን እንጂ መልመጃው ብቻውን ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል ለመመዘን የካርቱም ትምህርት ቤቶች ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ጄኔራል ጎርደን በ1885 ካርቱም ላይ ከተገደለ፣ የእንግሊዝና የግብጽ ጦርም በ1898 ኦምዱርማን ላይ ድል ካደረገ በኋላ፣ ሎርድ ኪችነር ለጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ እንዲሠራ ከእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ። ኮሌጁም በ1902 ተከፈተ። የትምህርት ዲሬክተር የነበረው ጄምስ ካሪ ካስቀደማቸው ዓላማዎች ዋነኞቹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሆኑ ጥቂት ሠራተኞችንና የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ማውጣት ነበሩ። ትእዛዝ ለመረዳትና ደብዳቤ ለመገልበጥ የሚበቃ ቃል ግን ለመመራመርና ለመከራከር አይበቃም። ስለዚህም በ1937 ሱዳንን የጎበኘው በሎርድ ደ ላ ዋር የሚመራው ኮሚሲዮን የትምህርቱን ዓላማ ጠባብነት ነቀፈ።

ከዚያ ወዲያ ደረጃው ከፍ አለ። የካምብሪጅ የምስክር ወረቀት ፈተና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መለኪያ ሆነ። ከፍተኛዎቹ ትምህርት ቤቶች በ1945 በጎርደን ኮሌጅ ሥር ተጠቃለሉ፤ ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲም ጋር ልዩ ግንኙነት ተመሠረተ። ኮሌጁ በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዚያን ዘመን ተማሪ ታሪኩንም ሳይንሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ አንዱን ከባድ ቃል ደጋግሞ በልዩ ልዩ መጽሐፍ ያገኘው ነበር። ክፍቱን ቦታ መሙላት ለእርሱ አስቀድሞ የሚያውቀውን ማረጋገጥ ነበር።

በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ዐረብኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1990 ውሳኔው ወደ ከፍተኛ ትምህርትም ደረሰ። ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ሊማር የሚገባው ስለ ሆነ ውሳኔው ትልቅ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን እንግሊዝኛ ከመማሪያ ቋንቋነት ወርዶ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ ቀድሞ ብዙ ትምህርቶች ተካፍለው ይሸከሙት የነበረው ጭነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ወደቀ። መልመጃውም የንባብን ቦታ እንዲተካ ተፈለገ፤ ይህ ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። «ገበሬው በሬውን … ሸጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢሰጥ፣ «ሪላክታንትሊ» (እያመነታ) የሚለውም «ኢገርሊ» (በጉጉት) የሚለውም ቃል ይገባል፤ ተማሪው ሊገምት እንጂ ሊያስብ አይችልም። «ገበሬው በሬውን ሊሸጥ አይወድም ነበር፤ ሆኖም ልጁ ስለ ታመመበት … ሸጠው» ቢባል ግን፣ «ሆኖም» የሚለው ቃል መንገዱን ያሳያል፤ መልሱም አንድ ይሆናል። እንግዲህ የመልመጃው ዋጋ ከክፍቱ ቦታ ይልቅ በዙሪያው ባለው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ቃሉን ከመረጠ በኋላ ለምን እንደ መረጠው ቢያስረዳ፣ ቀጥሎም በራሱ ዐረፍተ ነገር ቢያገባው፣ ቃሉ የራሱ ይሆናል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህራንም የሚነገር ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቃል የጎደለው ተማሪ የሚጎድልበት የእንግሊዝኛ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱም ታሪኩም አብሮ ይጎድልበታል። የቃላት ነገር ለእንግሊዝኛ መምህር ብቻ የሚተው ከሆነ፣ ካርቱም የመማሪያውን ቋንቋ በውሳኔ ስትለውጥ የደረሰው ችግር፣ ምንም ውሳኔ ሳይኖር በቸልታ ይደርሳል። የባዮሎጂው መምህር አንድ ቃል ሲያብራራ፣ የጂኦግራፊው መምህር ተማሪውን ሲያስነብብ፣ የትምህርት ቤቱም ሹም ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ሲገዛ፣ ሁሉም የጎደለውን ቦታ ይሞላሉ። መልመጃ ቃልን ይፈትናል፤ ቃልን የሚያሳድገው ግን ንባብ ነው።