ሚዛንና መተማመን፤ የካይራ ወተት አምራቾች ኅብረት አጭር ታሪክ

የእርሻን ውጤት ወደ ፋብሪካ ምርት የሚለውጥ ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም ሥራው በፋብሪካው አጥር ውስጥ የማይጀመር መሆኑ ነው። ጥሬ ዕቃው የሚዘጋጀው በብዙ ሺህ ገበሬዎች ደጅ ስለሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ባይገኝም የሥራው ባልደረቦች ናቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ድርጅት መልካም የሥራ ግንኙነት እንዲኖር በቢሮና በማሽን ክፍል ያሉትን ብቻ ማስማማት አይበቃም። ይህን ጉዳይ በተግባር ለመፍታት ከጣሩት መካከል በምዕራብ ህንድ፣ በጉጅራት፣ በካይራ አውራጃ የተቋቋመው የወተት አምራቾች ኅብረት ታሪክ ለባለሙያ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1945 የቦምቤ መንግሥት ለከተማው ሕዝብ ወተት ለማቅረብ ባወጣው ዕቅድ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአናንድ ከተማ አካባቢ ወተት የመሰብሰቡን መብት ፖልሰን ለተባለ የግል ኩባንያ ብቻ ሰጠ። ወተት እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ደኅና ዋጋ እስኪገኝለት የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም፤ የጧቱ ለማታ አይደርስም። በመሆኑም ገበሬው የተሰጠውን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም። አቤቱታቸውን የሰሙት የነጻነት ትግሉ መሪ ሰርዳር ቫላብባይ ፓቴል ገበሬዎቹ የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ መከሩ። በ1946 መጀመሪያ ሞራርጂ ዴሳይ በተገኙበት በሳማርካ መንደር ስብሰባ ተደረገ። ገበሬዎቹም ለኩባንያው ወተት አንሸጥም ብለው 15 ቀን ጸኑ። በመጨረሻ መንግሥት ጥያቄያቸውን ተቀበለ፤ ኅብረቱም በዲሴምበር 14 ቀን 1946 በሕግ ተመዘገበ። በ1948 ወተት ማቅረብ ሲጀምር ሁለት የመንደር ማኅበሮችና በቀን 250 ሊትር ያህል ወተት ብቻ ነበሩት።

ይህ ትንሽ ማኅበር ሊጸና የቻለው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ከንግግር ይልቅ በመለኪያው ይገኛል። በየመንደሩ ወተት ጧትና ማታ ይሰበሰባል። የእያንዳንዱ አባል ወተት ይሰፈራል፤ ከዚያም ናሙና ተወስዶ የቅባቱ መጠን በመሣሪያ ይመረመራል። ዋጋው የሚታሰበው በቅባቱ መጠን ስለሆነ ውኃ የጨመረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። የጧቱ ሒሳብ ማታ፣ የማታው በማግስቱ ጧት ይከፈል ነበር። ወተት አቅራቢዎቹ የጎሳቸው ማዕረግ ሳይለይ እንደ አመጣጣቸው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ይህ የጎሳን ልዩነት ከአገሩ አላጠፋውም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ መለኪያ የሚዳኝበት ሥፍራ ፈጠረ።

በ1949 ቨርጊስ ኩሪየን የተባሉ የ27 ዓመት መሐንዲስ ወደ አናንድ መጡ። የተማሩት በመንግሥት ወጪ በመሆኑ በዚያ በሚገኘው የመንግሥት የወተት ጣቢያ እንዲያገለግሉ ግዴታ ነበረባቸው እንጂ ፈልገው የመጡ አልነበሩም። ግዴታቸውን ፈጽመው ሊሄዱ ሲሉ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ትሪቡቫንዳስ ፓቴል፣ የኅብረቱን ያረጁ ማሽኖች ሲጠግኑ ያይዋቸው ስለ ነበር፣ እንዲቆዩ ለመኗቸው። በ1950 ኩሪየን የኅብረቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ኅብረቱን የሚያስጨንቀው ነገር የወተት ትርፍ ነበር። የአካባቢው ለማዳ ጎሾች በክረምቱ ቅዝቃዜ ወራት አብዝተው ሲታለቡ የቦምቤ ገበያ ትርፉን አይቀበልም ነበር። መፍትሔው ወተቱን ወደ ዱቄት መለወጥ ቢሆንም፣ ቅባቱ ከላም ወተት እጅግ የሚበልጠውን የጎሽ ወተት በዱቄት መልክ ማድረቅ አይቻልም የሚለው የባለሙያዎች አስተያየት የጸና ነበር። የኩሪየን የትምህርት ቤት ጓደኛ ኤች. ኤም. ዳላያ ግን እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ። ፋብሪካው በ1955 በጠቅላይ ሚኒስትር ነህሩ ተመረቀ፤ ምርቱም አሙል የሚለውን ስም ያዘ።

በሦስቱ ሰዎች መካከል የነበረው የሥራ ክፍፍል ልብ ሊባል ይገባዋል። ትሪቡቫንዳስ ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ የገበሬውን እምነት ጠበቁ፤ ባለሙያዎቹንም ከጣልቃ ገብነት ከለሉ። ኩሪየን አስተዳደሩንና ገበያውን፣ ዳላያ የፋብሪካውን ጥበብ ያዙ። አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ አላለም። ከሁሉም በላይ ግን ቀጣሪው ገበሬ፣ ተቀጣሪው ባለሙያ መሆኑ የታወቀ ነበር፤ ኩሪየንም ራሳቸውን የገበሬዎች ተቀጣሪ ብለው ይጠሩ ነበር። የእንስሳት ሐኪሞች ወደ መንደር መውረዳቸውና የመኖ ፋብሪካ መቋቋሙም የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነበር።

በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ የመኖውን ፋብሪካ ለመመረቅ ሲመጡ በአጃርፑራ መንደር አድረው ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ከዚህም የተነሣ የአናንድን አሠራር በመላው ህንድ የሚያስፋፋ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ በ1965 ተቋቋመ፤ ሰፊው የልማት ዘመቻም በ1970 ተጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ህንድ በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች።

ታሪኩ ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ከብቶቹን የሚመግቡትና የሚያልቡት ባብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ፣ በአባልነት መዝገብም ሆነ በኮሚቴ ወንበር ላይ ለብዙ ዘመን የበዙት ወንዶች ናቸው። የአመራር ርክክብም ፈተና ነበረው። ትሪቡቫንዳስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊቀ መንበርነታቸውን በፈቃዳቸው ለቀው በመንደር የእናቶችና የሕፃናት ጤና ሥራ ተሠማሩ። ኩሪየን ግን የጉጅራትን የወተት ኅብረቶች ፌዴሬሽን ለሠላሳ ዓመት ያህል ከመሩ በኋላ፣ በ2006 ከተመረጡት የገበሬ ተወካዮች ጋር ባለመስማማታቸው ወንበራቸውን ለቀቁ። ባለሙያ የገበሬው ተቀጣሪ ነው የሚለው መርሕ መርሑን ባስተማረው ሰው ላይም መድረሱ አልቀረም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መተማመን በምክርና በመፈክር ብቻ የማይገነባ መሆኑ ነው። ገበሬው ሚዛኑን በዓይኑ ሲያይ፣ ሒሳቡን በሰዓቱ ሲቀበል፣ መሪውንም በድምፁ ሲመርጥና ሲያሰናብት መተማመን ይመጣል። ሚዛኑን የሚተክለው ደግሞ ባለሙያው ነው። ቡናም ሆነ ሸንኮራ፣ እህልም ሆነ ወተት በሚረከብ ድርጅት ሁሉ የመልካም አስተዳደር መፈተኛው ሥፍራ ያ መረከቢያው በር ነው።