ዐቢይ ቀመር፦ የ532 ጠባይና ታሪክ

በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለሚኖር ምእመን የልደታ ማርያም በዓል ግንቦት 1 ቀን እንደሚውል ለማወቅ ስሌት አያስፈልገውም። ትንሣኤ ግን ከእሑድ ሳይወጣ፣ የጨረቃን ሙላት እየተከተለ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ቀኑን ይለውጣል። ይህን በዓል ለመወሰን የቀድሞ ሊቃውንት የተጠበቡበት ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ ለነበረው ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል።

የዚህ ስሌት ታላቁ ዑደት 532 ዓመት ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። አመጣጡም እንዲህ ነው። ሳምንት 7 ቀን አለው፤ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው። 4 በ7 ሲባዛ 28 ይሆናል፤ ይኸውም ዐውደ ፀሐይ ነው። በሌላ በኩል 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚቀራረብ የአበቅቴ ዐውድ ሆኗል። 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። በመሆኑም ሁለቱ ዐውዶች በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከብዜታቸው፣ ማለትም ከ532 ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ባለ 28 ጥርስ ማርሽ ከባለ 19 ጥርስ ማርሽ ጋር ቢነካከስ፣ ተገናኝተው የተለያዩት ሁለት ጥርሶች ዳግመኛ የሚገናኙት 532 ጥርስ ካለፈ በኋላ ነው። ትንሣኤ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ውሏል፤ ከዚያ 532 ዓመት አስቀድሞ በ1485 ዓ.ም.ም የዋለው በዚሁ ቀን ነው።

በዑደቱ ውስጥ ያሉት ቀናት 194,313 ናቸው። ይህ ቁጥር ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። ሰባቱ የሳምንት፣ ዐሥራ ዘጠኙ የጨረቃ ድርሻ ነው፤ 3 በ487 ሲባዛ የሚገኘው 1,461 ደግሞ የ4 ዓመት ቀናት ብዛት ነው። ስለዚህ ዑደቱ 27,759 ሳምንታት ያህል ሆኖ ያለ ትርፍ ይዘጋል።

ቁጥሩ ለታሪክ ተመራማሪም ጥንቃቄን ያዛል። አንዳንድ ጥንታውያን ጽሑፎች ዓመተ ምሕረትን የሚቆጥሩት ከዑደቱ መጀመሪያ በመሆኑ፣ ይህን ያላስተዋለ አንባቢ አንድን ድርጊት በ532 ዓመት ሊያዛባው ይችላል። ኦቶ ኖይገባወር የኢትዮጵያን የዘመን ስሌት የመረመረበትን መጽሐፍ በ1979 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ፣ ይህ ሥርዓት በውጭው ዓለም የሳይንስ ታሪክ ዘንድም ታውቋል።

ይሁን እንጂ ሰማይ ለሙሉ ቁጥር አይገዛም። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ፤ ይህች ጥቂት ጉድለት በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ትሆናለች። የሊቃውንቱ ብዜት አልተሳሳተም፤ ያዛነፈው የተባዛው ልኬት ነው። ስሌትን ከልኬት መለየት የሙያው ግዴታ ለሆነበት ሰው፣ 532 ከሁለቱም ወገን የሚያስተምር ቁጥር ነው።