የዊንክለር ካውንቲ ነርሶች ክስ

የዊንክለር ካውንቲ ነርሶች ክስ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በከርሚት ከተማ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ሁለት ነርሶች ስለ አንድ ሐኪም አሠራር ለግዛቱ የሕክምና ቦርድ በመጻፋቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በወንጀል የተከሰሱበት ጉዳይ ነው። ነርሶች ስለ ታካሚ ደህንነት ያላቸውን ስጋት ወደ በላይ አካል ማቅረብን በሚመለከት በአሜሪካ በብዛት ከሚጠቀሱት ጉዳዮች አንዱ ነው።

አን ሚቸል እና ቪኪሊን ጋል በሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ነርሶች ነበሩ። ስጋታቸው ዶክተር ሮላንዶ አራፊሌስን የሚመለከት ነበር። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሳይኖረው በድንገተኛ ክፍል ቆዳ መትከሉ፣ በተጨፈለቀ የታካሚ ጣት ላይ የጎማ ቁራጭ መስፋቱ እንዲሁም ለታካሚዎች ከዕፅዋት የተዘጋጁ ምርቶችን መሸጡ ይነገር ነበር። ነርሶቹ ነገሩን መጀመሪያ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች አቀረቡ። መፍትሔ ሲያጡ ስማቸውን ሳይጽፉ ለቦርዱ ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤው የታካሚዎች ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ብቻ ተጠቅሶ ነበር።

ሐኪሙ ቦርዱ ስለ ጥቆማው ሲያሳውቀው ለካውንቲው ሸሪፍ ሮበርት ሮበርትስ አመለከተ። ሸሪፉ የሐኪሙ ወዳጅና ታካሚ ነበር። የደብዳቤውን ቅጂ ከቦርዱ አግኝቶ የነርሶቹን ኮምፒውተር በፍተሻ ወሰደ፤ ደብዳቤውም እዚያው ተገኘ። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ፣ ቀጥሎም «የመንግሥት መረጃን ያለአግባብ መጠቀም» በሚል እስከ 10 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሰሱ። ቦርዱ በበኩሉ እንዲህ ያለ መረጃ ለሥራው አስፈላጊ እንደሆነ ለዐቃቤ ሕጉ ጽፎ ነበር፤ ክሱ ግን አልተቋረጠም።

በጋል ላይ የቀረበው ክስ ከችሎቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነሣ። ሚቸል ግን በጎረቤት አንድሩስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዐቃቤ ሕግ የግል ቂም እንዳለባት ሲከራከር፣ ጠበቆቿ ለታካሚ መቆም የነርስ ግዴታ ነው አሉ። የካቲት 2010 (እ.ኤ.አ.) ጁሪው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መክሮ ነፃ አወጣት። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርና የቴክሳስ ነርሶች ማኅበር ለሁለቱ ድጋፍ አድርገዋል። በዚያው ዓመት ነርሶቹ ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ በ750,000 ዶላር ስምምነት ተደረሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ2011 ሸሪፉ በበቀልና መረጃን ያለአግባብ በመጠቀም ጥፋተኛ ተብሎ 100 ቀን እስራት ተፈረደበት፣ ሥልጣኑንም አጣ። ክሱን የመሩት ዐቃቤ ሕግም ጥፋተኛ ተባሉ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ሐኪሙም በዚያው ዓመት ጥፋቱን አምኖ 60 ቀን ሲታሰር የሥራ ፈቃዱን መልሷል። የቴክሳስ ምክር ቤት ደግሞ በ2011 ስለ ታካሚ ደህንነት ለሚጠቁሙ ነርሶች የሚሰጠውን የሕግ ጥበቃ አጠናክሯል።