ስለ ሰማይ ንግሥትና ስለ ምሕረት እናት፤ በኤርምያስ ምዕራፍ 44 ላይ የተጻፈ ታሪካዊ ማብራሪያ

ነቢዩ ኤርምያስ በ44ኛው ምዕራፍ የጻፈው ታሪክ ራብን ላየ ሕዝብ ሁሉ ከባድ ጥያቄ አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ንጉሥ እጅ ከፈረሰች በኋላ የተረፉት አይሁድ ወደ ግብፅ ተሰደዱ። በዚያም ነቢዩ ለባዕድ አምላክ ማጠንን እንዲተዉ ቢገሥጻቸው ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድነት ተቃወሙት። ለሰማይ ንግሥት ባጠኑ ጊዜ ጠግበው እንደ ኖሩ፥ ማጠኑን ከተዉ ወዲህ ግን ሰይፍና ራብ እንደ ጨረሳቸው ተናገሩ። ይኸው ነቢይ በ7ኛው ምዕራፍ ሥርዓቱን ገልጦታል፤ ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፥ አባቶች እሳት ያነዳሉ፥ እናቶች ሊጥ ለውሰው እንጎቻ ይጋግሩላታል። እንግዲህ ይህ አምልኮ የቤተ ሰው ሁሉ ሥራ ነበረ እንጂ የጥቂቶች ስሕተት አልነበረም።

የእነዚያ ሰዎች አነጋገር ዓመፅ ብቻ አይደለም፤ ኀዘንም አለበት። ልጁን በራብ የቀበረ ሰው የሚራራለት ልብ ይፈልጋል፤ ሰውም ርኅራኄን ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስበው እናቱን ነው። ስለዚህ በብዙ አሕዛብ ዘንድ የርኅራኄ አምላክ በሴት መልክ ተሥላ ትገኛለች። በግብፅ ደቡባዊ ክፍል በፊሌ ደሴት ልጅዋን ታቅፋ የምትታየው ኢሲስ እስከ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ድረስ ከኖባ ምድር ሳይቀር ተሳላሚ ነበራት። በቻይና ጓንዪን የምትባለው አለች፤ የስሟ ትርጓሜ የዓለምን ጩኸት የምታደምጥ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬም መካን ሴቶችና መርከበኞች ይማፀኗታል። በአገራችንም በኦሮሞ ሴቶች ዘንድ አቴቴ በመውለድና በመከራ ጊዜ የምትጠራ ናት። አገሩ ቢለያይም ጩኸቱ አንድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጩኸት አልናቀችም፤ ነገር ግን መልሱን ከአምልኮተ ጣዖት ለየችው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች ስለ አርጤምስ ክብር ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ጮኹ ተጽፏል። በዚያችው በኤፌሶን ከተማ፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ431 ዓ.ም.፥ አባቶች ተሰብስበው ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ ትባል ዘንድ ይገባል ብለው አጸኑ። ይህም ማርያም በአርጤምስ ዙፋን ተተካች ማለት አይደለም። ከእርሷ የተወለደው እውነተኛ አምላክ እንደ ሆነ ለመመስከር የተደረገ ነው። ከጉባኤው አስቀድሞ የቆጵሮሱ ኤጲስ ቆጶስ ኤጲፋንዮስ፥ በዐረብ አገር አንዳንድ ሴቶች ለማርያም እንጀራ ይሠዉ እንደ ነበር ጽፎ አጥብቆ ነቅፏቸዋል። በኤርምያስ ዘመን ለሰማይ ንግሥት የተጋገረው እንጎቻ በሌላ ስም እንዳይመለስ ፈርቶ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ትምህርት የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእመቤታችን የሚቀርበው የጸጋና የአክብሮት ስግደት ይባላል።

በኢትዮጵያ ይህን ፍቅር በሥርዓት ያሰፉት ነገሥታት ናቸው። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተተረጐመ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምሩ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ 33ቱ የእመቤታችን በዓላትም እንዲከበሩ አዘዙ። ከወሎ የጋስጫው አባ ጊዮርጊስም አርጋኖነ ማርያምን ደረሰ። ነገር ግን ታሪክ ሳይሸሽግ እንደሚናገረው፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት እጅግ ጽኑ ቅጣት ተቀበሉ። የምሕረት እናት ስም በጅራፍ ሲታዘዝ ምሕረቱ ከስሙ እንደሚለይ ከዚህ ይታወቃል።

ንጉሡ ራሳቸው የእስርን መራራነት ያውቁት ነበር፤ ከመንገሣቸው በፊት በአምባ ግሸን ተግዘው እንደ ነበሩ ይነገራልና። አምባ ግሸን በአምባሰል ከሐብሩ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለ ተራራ ነው። የነገሥታት ልጆች መንግሥት እንዳይሹ በዚያ ይጠበቁ ነበር። እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1540 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን ከያዘው በኋላ ያ ሥርዓት ቀረ። ዛሬ ግን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሩቅ አገር ሁሉ ሕዝቡ ወደ ግሸን ማርያም ይጐርፋል። ወህኒ የነበረው ተራራ የስእለት ተራራ ሆነ።

በወልድያና በመርሳ፥ በሐብሩም ቆላ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይውላል፥ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል። የማርያምም ስም ለሁለቱም እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኒቱ ሴት ምጥ ሲይዛት በዙሪያዋ ያሉት ማርያም ማርያም ይላሉ፤ በተገላገለችም ጊዜ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሏታል። በቁርኣንም በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት፤ 19ኛው ምዕራፍ በእርሷ ስም ይጠራል፤ በዚያም ምጥ በያዛት ጊዜ ከተምር ዛፍ ሥር ውኃና ፍሬ እንደ ተሰጣት ተተርኳል። በመከራ ላይ ያለች እናት መብልና መጠጥ አገኘች የሚለው ነገር ራብ ለለመደ አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ አገር ራብን ደጋግሞ አይቷልና። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ክፉ ቀን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጀ፤ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተከተሉ። የሚያርስ በሬ ስላልነበረ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ ይባላል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፥ ዘሩን በልቶ፥ ከደሴ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን ወደሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወጣ። የሞተው ሰው ከ40 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ ይገመታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ መርምሮ እንደ ጻፈው፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ ከወሎም ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበረ። የወሎው እህል ቢቀንስም በመንግሥቱ ሁሉ እህል አልጠፋም፤ ባላገሩ ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ነገሩም በጊዜው ለሕዝብ አልተገለጠም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ተባብረው ዳግመኛ በአገሪቱ ከ400 ሺሕ እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመት ነፍስ ጠፋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሕዝቡ የፍልሰታን ጾም በያዘበት ወራት ጦርነት ወልድያን ደረሰባት፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከመከራው አልወጣችም።

እንግዲህ የኤርምያስ ዘመን ሰዎች ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። በእነዚያ ዓመታት የሞቱት አልጾሙምን? አልተሳሉምን? ጾመዋል፥ ተስለዋልም። አምልኮ ማለት ዕጣን ሰጥቶ እንጀራ መቀበል ከሆነ የወሎ እናቶች ተታለዋል ማለት ነው። ኤርምያስ የተቃወመውም ይህንኑ አሳብ ነው፤ ራብ የመጣው ዕጣኑ ስለ ቀረ አይደለም ብሎ መልሷል። ከጥንትም ጀምሮ የገሠጻቸው መጻተኛውን፥ ድኃ አደጉንና መበለቲቱን እንዳይገፉ ነበረ፤ ይህም የእንጎቻው ነገር በተጻፈበት በ7ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ነቢዩ ሁለቱን ነገር በአንድ ስፍራ ማኖሩ በከንቱ አይደለም። ለሰማይ ንግሥት ሊጥ የሚለወስበት ቤት መበለቲቱን በደጅ ትቷታል።

የእመቤታችን ጸሎት ከዚህ ጋር ይስማማል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እግዚአብሔር የተራቡትን እንደሚያጠግብ፥ ባለጠጎችን ባዶ እጃቸውን እንደሚሰድ ተናግራለች። ለራሷ ዕጣን አልጠየቀችም፥ እንጎቻም አልፈለገችም። በቃና ዘገሊላም የሰዎቹን ጕድለት አይታ ለልጅዋ ነገረች፤ አገልጋዮቹንም ወደ እርሱ ቃል መራቻቸው። ምልጃ ማለት የሰውን ጕድለት እንደ ራስ ጕድለት ማየት ነው።

በየካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ይህን ይገልጣል። ያ ሰው 78 ነፍስ የበላ፥ ቤተ ሰዎቹን እንኳ ያልማረ ነበረ። በመንገድ ያገኘው አንድ በሽተኛ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በማርያም ስም ቢለምነው ግን ጥርኝ ውኃ አጠጣው። በፍርድ ጊዜም በእመቤታችን አማላጅነት ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ደፋች። አንባቢው ያስተውል፤ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ለማርያም የተሠዋ መሥዋዕት አይደለም። በስሟ ለተጠማ ሰው የተሰጠ ውኃ ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ለተራበና ለተጠማ የተደረገውን ለራሱ እንደ ተደረገ ቈጥሮታል።

ስለዚህ በየወሩ በ21 ቀን የማርያም ማኅበርተኞች የሚያቀርቡት ዳቦና ጠላ ኤጲፋንዮስ ከነቀፈው እንጀራ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የሚበላው ሰው ነውና፥ ከሚበሉትም መካከል ድኃው አለ። ድኃው ከበሩ ውጭ የቀረ ቀን ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ የኤርምያስም ተግሣጽ በዚያ ማኅበር ላይ ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ስለ ማርያም ብለው ሲለምኑ፥ በሐብሩ ቆላ መንገደኛ በመሸ ጊዜ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ደጅ ሲቆም፥ የበላዔ ሰብእ ሚዛን በዚያ ደጅ ተሰቅሏል።

በ1966 ዓ.ም. በአውራው ጎዳና ዳር የተቀመጡት ሰዎች የለመኑት በእግዚአብሔርና በእናቱ ስም፥ በአላህና በነቢዩ ስም ነበረ። እህል የጫነ መኪና በፊታቸው አልፏል። ያን ጊዜ ጥርኝ ውኃ የሰጠም ነበረ፥ ያለፈም ነበረ። የምሕረት እናት ትሰማለችን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ በስሟ የተለመነው እርሱ ሰምቷልን? የሰማ ብፁዕ ነው። ለሰሚው አምላክ ምስጋና ይሁን፤ አሜን።