ዜና ፖሩቺክ ቡላቶቪች ወዜና ቤኒ ሻንጉል

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ከተደረገ በኋላ የሞስኮብ ንጉሥ ኒኮላይ ለቁስለኞቻችን ሐኪምና መድኃኒት ላከ። የቀይ መስቀሉም አለቃ ጄኔራል ሽቬዶፍ ነበረ። ከእርሱ ጋራ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን መጣ። ገና 26 ዓመት ያልሞላው፣ ማዕርጉም ከፈረሰኛ መኮንኖች ሁሉ ታናሹ፣ ኮርኔት ነበረ። ጓዙ ሳይንቀሳቀስ ቀድሞ እንዲሄድ ታዘዘና ከጅቡቲ ተነሥቶ የበረሃውን መንገድ በግመል በ90 ሰዓት አቋርጦ ሐረር ገባ። ስሙም ከዚያ ቀን ወዲያ ታወቀ።

በ1889 ዓ.ም. እስከ ባሮ ወንዝ ዘልቆ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ፤ ፖሩቺክም ሆነ። ይህ ማዕርግ በእኛ ጦር ቢቈጠር መቶ አለቃ ነው። በትከሻው ላይ አንድ መሥመርና ሦስት ኮከብ ይታይበት ነበር። በሩሲያ ከ1917 እ.ኤ.አ. አብዮት ጋራ ጠፋ፤ በፖላንድና በቼክ ግን ዛሬም አለ።

በ1890 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ፣ እንግሊዝም ፈረንሳይም ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚገሠግሡ አይተው፣ ጦራቸውን ወደ ዳር አገር አዘመቱ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከካፋ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ወደ ነጭ ዓባይ፣ ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ወረዱ። ፖሩቺኩ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋራ ሄደ። በመንገድም አካሉ የተጐዳ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን አግኝቶ አነሣው፣ ቫስካ ብሎም ጠራው፣ ይዞትም ፒተርስቡርግ ገባ። ካርታ መንደፍ የታዘዘበት ሥራው ነበረ፤ ልጁን ግን ያነሣው ማንም ሳያዝዘው ነው፣ ስለዚህም አከብረዋለሁ።

ራስ መኰንን በወረዱበት አገር ግን ሦስት የታወቁ ሼኮች ነበሩ። በአሶሳ በኩል ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን፣ በቤላ ሻንጉል ሼክ አብዱራህማን ኾጀሌ፣ በኾሞሻ ሼክ ቶር አልጉሪ። መንጌ ያለችው በዚያው በቤላ ሻንጉል ምድር ነው። የበርታ ሴቶች የወንዙን አሸዋ በገበቴ እየዘፈቁ፣ እያዞሩ፣ ውኃውን እያፈሰሱ ከሥሩ የቀረውን ቢጫ ትቢያ በጣታቸው ጫፍ ይለቅሙ ነበር። የግብፅ ቱርክም፣ የሱዳን ደርቡሽም፣ እንግሊዝም፣ የእኛም መንግሥት ወደዚያ ምድር የተመለከቱት ስለዚህ ትቢያ ነው። አገሩ ተዋጋ፤ የራስ መኰንን ጠመንጃ በዛና ተሸነፈ፣ ግብሩንም በወርቅ ከፈለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሼክ ኾጀሌ የሁሉ የበላይ ሆነ።

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ የጦር አለቃ ኪችነር በሱዳን፣ በኦምዱርማን፣ ደርቡሽን ሰበረ፤ እንግሊዝም የቤኒ ሻንጉል ጎረቤት ሆነ። ቡላቶቪች በማዕርግ ከፍ ብሎ ሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣና በ1892 ዓ.ም. ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ቤኒ ሻንጉል በኩል ሄደ። የእንግሊዝም ቀያሾች በዚያው ወራት ወሰኑን ይለኩ ነበር። የሞስኮቡ መኮንን ለገዛ ንጉሡ ያደረ ሰው እንደ ሆነ አይካድም፤ ሆኖም ስለ ጠረፉ አጠባበቅ ለዳግማዊ ምኒልክ አሳቡን አቀረበ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የወሰኑ ውል በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ ቤኒ ሻንጉልም በኢትዮጵያ ወገን ጸና። ቡላቶቪች በኋላ ሰይፉን ትቶ መነኰሰ፣ አባ አንቶኒ ተብሎ በአቶስ ተራራ ኖረ፤ በ1912 ዓ.ም. በአገሩ ወንበዴዎች ገደሉት።

የእርሱ መጻሕፍት ከሩስኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጕመው ይነበባሉ። የቤላ ሻንጉልን ሽማግሌዎች ቃል ደግሞ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ሊቅ ሰብስቦ በ1981 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳተመው። የመንጌ ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁ ስለ 1890ው ዘመቻ የነገሩአችሁን በገዛ ቋንቋችሁ ጻፉት፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቁአቸው።